ሽብልቅ የሌለው መጋዝ አትግዙ

ሰሞኑን ሞጣ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ግቢው ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍት ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የተማሪ ዴስክ መሥራት ያስባል። የጠረጴዛ መጋዝ ሊገዛ ነውና ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ይሻለኛል ብሎ ነው የጠየቀኝ። የታሪክ መምህርን ስለ ማሽን የሚጠይቀው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንጨት ስፍቅ እንደምውል ስለሰማ ነው። ለሱ አጭሩን ነግሬዋለሁ። ረጅሙን ግን እዚህ ላስቀምጠው፤ ቢቸናም ሁኑ ሞጣ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ውጭ አገር፣ ይህንኑ የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

የፈረስ ጉልበቱን ለጊዜው ተወት እናድርገው። መጋዝ የሚመረጠው ከዛፉ ተነስቶ ነው። የእኛ ዛፍ ደግሞ ታሪክ አለው።

የአያቶቻችን አናጢ ሳንቃ ሲያወጣ እንጨቱን አይገዘግዝም ነበር፤ ይፈልጥ ነበር። ግንዱን ይጥላል። ጫፉ ላይ በመጥረቢያ ስንጥቅ ይከፍታል። ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ይከታል፤ ሽብልቁን ይመታል። ስንጥቁ ትንሽ ወደፊት ሲሄድ ሁለተኛውን ሽብልቅ ይተክላል፣ ያኔ የመጀመሪያው ላላ ይላል፣ እሱን አንስቶ ደግሞ ወደፊት። እንዲህ እየተፈራረቁ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እያንዳንዱን ፍልጥ ከጀርባው እየጠረቡ ማሳሳት ነው። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ የሚወጣው ሳንቃ ሁለት ነው ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ፍላጭ ሆኖ ምድጃ ይገባል።

ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለማችሁ እነዚያን ሰፋፊ የሳንቃ በሮች አይታችኋል። እኛም ዘንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን በር ስታገኙ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። ለስላሳ አይደለም፤ የብረቱ ምት አንድ በአንድ ይታወቃል። የተፈለጠ ሳንቃ ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም ስንጥቁ የሚሄደው የእንጨቱ ጅማት በሄደበት እንጂ አናጢው በፈለገበት አይደለም። ብክነቱ ግን አያድርስ ነው። ዋንዛውም ጥዱም ወይራውም ዛሬ የት እንደደረሰ ለማየት ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ግራ ቀኙን እያዩ መሄድ ነው። አሮጌ ዛፍ የምታዩት በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ እርሻና ባሕር ዛፍ። (በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የአናጢው አይደለም፤ ማገዶውና እርሻው ይበልጣል።)

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሽብልቅ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንደኛ ይሰነጥቃል። ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀው ተመልሶ እንዳይገጥም አፉን ከፍቶ ይይዛል። ይችን ሁለተኛዋን ሥራ ብዙ ሰው አያስተውላትም። ወደ በኋላ እመጣባታለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ደን ነበረው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ። ከዚያ በፊት የነገሥታት ከተማ እንጨት ሲያልቅባት ተነስታ ትሄድ ነበር፤ ምኒልክም አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆማት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጣና ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። ከእንጦጦ ተነስቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ እኛም ደጋ ላይ ደረሰ።

መጋዝና ጣውላ በሰፊው የተስፋፉትም በዚያው ዘመን ነው። ምኒልክ ከተማ ላይ የሠሩ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከተረፉት በረንዳማ የእንጨት ቤቶች ላይ እጃቸው ይታያል። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከባድ ማሽን ማምጣት ቀለለ። እግረ መንገዴን፣ እናቶቻችን ወፍጮ ቤቱን «ባቡር» የሚሉት ለዚህ ነው፤ በሞተር የሚንደቀደቀው ሁሉ ባቡር ሆነ።

ክብ መጋዝ ከዚያ ሁሉ በፊት በሌላ አገር ይዞር ነበር። ሳሙኤል ሚለር የሚባል የሳውዝሃምፕተን ሰው በ1777 (በፈረንጅ) እንግሊዝ አገር ባስመዘገበው ፈጠራ ላይ ክብ መጋዝ ተጠቅሷል። አሜሪካኖች ደግሞ ታቢታ ባቢት የምትባል የሼከር ማኅበር ሴት ናት የፈጠረችው ይላሉ። ሁለት ወንዶች መጋዝ ሲጎታተቱ አየችና፣ ሲመለስ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ ግማሹ ጉልበት ከንቱ ይቀራል ብላ ከመፍተያዋ መንኮራኩር ሐሳቡን ወሰደች ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው፣ የሚጠቀሰው ዓመት 1813 ስለሆነም ሚለርን አይቀድምም። በ1906 በርሊን ላይ ቪልሄልም አልተንዶርፍ እንጨቱን ተሸክሞ የሚንሸራተት ጠረጴዛ ያለው መጋዝ ሠራ። በ1939 አሜሪካ ውስጥ ዴልታ የተባለው ኩባንያ ዩኒሶው የሚባለውን፣ ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ ስለቱ የሚያጋድለውን መጋዝ አወጣ። ዛሬ መርካቶ የምታዩት የጠረጴዛ መጋዝ ሁሉ የነዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ እነዚህ ማሽኖች የታሰቡት ለምን ዓይነት እንጨት ነው? በዝግታ ላደገ፣ ግንዱ ለወፈረ፣ ተሰንጥቆ ለደረቀ እንጨት። የኤሌክትሪክ መስመሩም የማይዋዥቅበት አገር ላይ ነው የታሰቡት። ማሽኑ እዚህ ሲደርስ የጠበቀው ሌላ ዛፍና ሌላ መብራት ነው። የነገሬ ሁሉ ውል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ እኛ እንዴት እንደደረሰ ለማወቅ መዝገብ መፈለግ አያሻም፤ የአናጢውን አፍ መስማት ይበቃል። በእጅ የሚሠራበት መሣሪያ ስሙ አማርኛ ነው፦ መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ መላጊያ፣ ሽብልቅ። የሚዞረውና በሞተር ዙሪያ ያለው ግን ጣሊያንኛ ነው። ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ፣ ቀበቶው ቺንጋ፣ ቀበቶው የሚጠመጠምበት ፑሌጃ፣ እንጨት ማሰሪያው ሞርሳ፣ ማጣበቂያው ኮላ፣ ለጣሪያ የሚሰነጠቀው ሞራሌ። ከሥር የሚከመረው ብናኝ እንኳ ሰጋቱራ ነው። ጣሊያን አገራችን ላይ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፣ ቢቸና አካባቢ ደግሞ በነዚያ ዓመታት የበላይ ዘለቀ የጦር ሜዳ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ወደ እኛ የመጣው ከጣሊያን እጅ ሳይሆን በኋላ፣ ከከተማ ሠልጥነው በተመለሱ የአገር ልጆች ይመስለኛል።

ማሠልጠኛውም ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። ለእኛ የቀረበው ግን ባሕር ዳር ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ከኤሌክትሪክ፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከብረታ ብረት ጋር የእንጨት ቴክኖሎጂም ያስተምር ነበር። በዓመቱ በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፣ ዋና ደንበኛው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን የዓባይ ውኃ ሞተር ማዞር ጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የብየዳ ታሪክ ነው። በሞጣም በቢቸናም የእንጨት ሥራ ቤት ብትገቡ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት መጋዝ እዚያው አገር የተበየደ ነው። እግሩ የማዕዘን ብረት፣ ፊቱ ላሜራ፣ ከሥሩ ሞተር፣ ቺንጋ፣ በሁለት ኩሽኔታ የተያዘ ዘንግ፣ መሀሉ ላይ የወጣ ስለት። እኔ ይሄን ማሽን አልንቀውም። የሠራው ሰው ፋብሪካ ሳይኖረው የፋብሪካ ዕቃ ሠርቷል፤ በዚያ ላይ ሲበላሽ ራሱ ይጠግነዋል። ግን ከስለቱ ኋላ እዩ። ባዶ ነው። ከስለቱ በላይም ባዶ ነው።

ባሕር ዛፍ ከቆመበት ጀምሮ የተወጠረ ዛፍ ነው። ቶሎ ሲያድግ የግንዱ ውጭኛው ክፍል ይሳባል፣ መሀሉ ይጨመቃል፤ እርስ በርስ ተያይዘው ነው ቀጥ ብለው የቆሙት። ስትቆርጡት ጫፉ ራሱ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ አይታችሁ ይሆናል፤ ያ ውጥረቱ ሲለቅ ነው። ዛፉ ለጋ ሲሆንና ግንዱ ሲቀጥን ደግሞ ይብሳል። እኛ የምንሰነጥቀው ያንን ነው፤ በጥቂት ዓመቱ የተቆረጠውን፣ ገና ያልደረቀውን። ለምን ዋንዛ አይሰነጥቁም የሚል ካለ፣ አንደኛ የት ይገኛል፤ ሁለተኛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር።

እንግዲህ ይህን የተወጠረ እንጨት በክብ መጋዝ ስትሰነጥቁት፣ የተሰነጠቀው ግማሽ አንዳንዴ ወደ ውጭ ይለጠጣል፤ እሱ ደግ ነው። አንዳንዴ ግን ወደ ውስጥ ይገጥማል፣ ስለቱንም ከኋላ በኩል ያንቃል። የስለቱ የኋላ ጥርስ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለት በደቂቃ 2,850 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የታነቀው ጥርስ ጣውላውን አንስቶ ወደ ሰውየው ይወረውረዋል። ደረት ወይም ሆድ ላይ ያርፋል። ጣውላው ሲመለስ ደግሞ እጅን ይዞ ወደ ስለቱ ይሄዳል። ቢቸና የማውቀው አንድ ጎበዝ አናጢ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ስለቱ ላይ እጁን አላስቀመጠም፤ እንጨቱ ነው ጎትቶ ያስገባው። እሱም ሲያስረዳችሁ የሚያማርረው መጋዙን ሳይሆን ባሕር ዛፉን ነው።

ፈረንጆቹ ለዚህ መድኃኒት አላቸው። ከስለቱ በስተኋላ፣ በስለቱ መስመር ላይ ልክ የምትቆም ስስ ብረት ናት። ጣውላው ስለቱን አልፎ ሲሄድ እሷ ስንጥቁ ውስጥ ትገባና አፉን ከፍታ ትይዘዋለች፤ ቢፈልግም ሊገጥም አይችልም። ይቺ ሽብልቅ አይደለችም ወይ? አያቶቻችን በእጃቸው እየተከሉ የሚያስኬዷት፣ ያች ሁለተኛ ሥራዋን የሚሠራዋ ሽብልቅ ናት። ከፍልጥ ወደ መጋዝ ስንሻገር መጥረቢያውን በስለት ተካነው፣ ሽብልቋን ግን መንገድ ላይ ጥለናት መጣን። ሞጣም ቢቸናም የእንጨት ሥራ ቤት እየገባሁ ይቺን ብረት ምን ትሏታላችሁ ብዬ ጠይቄአለሁ። ለኩሽኔታውና ለፑሌጃው ስም ያላቸው ሰዎች ለሷ ስም የላቸውም። ስሟ ያልመጣው ዕቃዋ ስላልመጣ ነው። እኔ ሽብልቅ ብያታለሁ፤ የተሻለ ያለው ያምጣ።

እኛ ብቻ ነን ብላችሁ ደግሞ አትሸማቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት መክፈያዋ ከላይኛው መከላከያ ጋር ተያይዛ ነበር የምትሸጠው፤ መከላከያው ሥራ ያውካል እያለ ሁሉም ሁለቱንም ነቅሎ ጥግ ይጥላቸው ነበር። ከስለቱ ጋር አብራ ከፍ ዝቅ የምትለዋ እዚያ ግዴታ የሆነችው በቅርቡ ነው፤ አውሮፓ ቀድማለች። የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን በጠረጴዛ መጋዝ ስለት በዓመት ከ30 ሺህ በላይ ሰው እንደሚጎዳ ይገምታል። ስቲቭ ጋስ የሚባል ሰው ደግሞ በ1999 ጣት ሲነካው ስለቱ በቅጽበት ቀጥ የሚልበትን መላ ፈጠረ፤ ሶውስቶፕ ይባላል። ድንቅ ነው። ግን አንዴ ሲይዝ ፍሬን ካርትሪጁ ይቃጠላል፣ ስለቱም አብዛኛውን ጊዜ ይበላሻል፤ እርጥብ እንጨትም ሊያሳስተው ይችላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ለሚሰነጥቅ የሞጣ ልጅ አልመክረውም።

አሁን ወደ ፈረስ ጉልበቱ። ለግቢ ሥራ 2 ፈረስ፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ዋት፣ በ220 ቮልት የሚሠራ ኢንዳክሽን ሞተር ይበቃል። 3 ፈረስ ካልሆነ የሚሉ አሉ። ነገር ግን የመስመሩን ነገር አስቡት። ማታ ማታ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የሞተሩ የመጠምዘዝ አቅም የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፤ አቅሙ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ አንድ ሦስተኛው ገደማ ይጠፋል። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ትልቅ ሞተር ደካማ መስመር ላይ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ ጎረቤትም መብራቱ ሲደበዝዝበት ዝም አይልም። ለትልቁ ሞተር የሚወጣውን ብር ከቆጣሪው እስከ መጋዙ ለሚሄደው ወፍራም ገመድ አውሉት። ተንቀሳቃሽ የሚባሉት ቀላል መጋዞች፣ ብሩሽ ያለው ሞተር የያዙት፣ ቺፑድና ኮምፐርሳቶ ለሚቆርጥ ጥሩ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ባሕር ዛፍ ስትጭኑባቸው ግን ይግላሉ፣ ጩኸታቸውም ሰፈር ያስነሳል።

ከጉልበቱ ይልቅ ማብሪያ ማጥፊያው ያሳስበኛል። መብራት ሲሄድ አናጢው ምን ያደርጋል? እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ይጠብቃል፣ ሰጋቱራውን ይጠርጋል፣ ስለቱ ዙሪያ የተሰነቀረ ቁራጭ ያወጣል። ተራ ማብሪያ ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ ስለቱ ራሱ ይነሳል። በኮንታክተር የሚሠራው ግን መብራት ከጠፋ ጠፋ፤ ተመልሶ ቁልፉ ካልተጫነ አይነሳም። የተገዛው መጋዝ ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ለብቻው ይገጥመዋል።

ሦስተኛው የማየው ነገር መምሪያው ነው፤ ጣውላው ተደግፎት የሚሄደው ቀጥ ያለ ብረት። ከስለቱ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የኋላ ጫፉ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደ ስለቱ ካዘነበለ ራሱ መጋዙን ያሳንቃል። ሱቅ ውስጥ ሜትር አውጡና ከስለቱ ፊትና ከስለቱ ኋላ ለኩት፤ ባለሱቁ ቢስቅባችሁም ይሳቅ። ብዙ ርካሽ ማሽን ላይ መምሪያው ሲጠብቅ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለቱን ለየብቻ ግዙ፦ በጅማቱ ልክ ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ፣ አግድም ለመቁረጥ 60። በ60 ጥርስ እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚሰነጥቅ ሰው እንጨት እየቆረጠ ሳይሆን እያጨሰ ነው።

እና የቱን ልግዛ? ገንዘብ ካለ ሽብልቋና መምሪያው ያሉትን፣ ፊቱ ወፍራም የሆነውን 250 ሚሊ ሜትር። አሮጌ የጣሊያን ኮምባይን፣ መጋዙም መላጊያውም አንድ ላይ ያለበት፣ ብታገኙ ብረቱ ዕድሜ ልክ ነው፤ ግን አብዛኛው 380 ቮልት ባለ ሦስት መስመር ይፈልጋል፣ ግቢ ውስጥ ያንን ማስገባት ሌላ ወጪና ሌላ ደጅ ጥናት ነው። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ እዚያው ሞጣ የተበየደውን ግዙና ሽብልቅ አስገጥሙለት። የሚገርመው ይሄ ርካሹ ማሽን ላይ ነው ሥራው የሚቀልለው። ውድ መጋዝ ላይ ስለቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሽብልቋም አብራ መንቀሳቀስ አለባት፤ በየዳችን መጋዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ አይነቃነቅም፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መትከል ነው።

ለበያጁ እንዲህ በሉት። በካሊፐር መጀመሪያ የስለቱን ገላ፣ ቀጥሎ ጥርሱ የሚከፍተውን ስፋት ይለካ። ገላው 2.2 ጥርሱ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሽብልቋ 2.5 ትሁን፤ ከገላው መወፈር፣ ከጥርሱ መቅጠን አለባት። ቅርጿ የስለቱን ክብ ተከትላ የምትጎብጥ ሆና ከጥርሱ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ትራቅ፤ ቁመቷ ከስለቱ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይበል። ፊት ለፊት ያለው ጠርዟ በሞረድ ይለስልስ፣ ጣውላው እንዳያደናቅፈው። ጠረጴዛው ላይ አይበይዳት፤ ከሥር ዘንጉ ካረፈበት ብረት ላይ በሁለት ቡሎን ይሰራት፣ የቡሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ። ስለት በተቀየረ ቁጥር ተፈታ ትስተካከላለች። ሲጨርስ ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ከስለቱ ጎንና ከሽብልቋ ጎን ላይ ያስደግፍ፤ በግራም በቀኝም አንድ መስመር ላይ መሆኗን ሳያይ ሞተሩን አያስነሳ።